ሞተር ስንነዳ ከራሳችን ስህተት መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የምናየው ሞተረኛ በብዛት ለሥራ የወጣ ነው። ምግብ ያደርሳል፣ ዕቃ ያደርሳል፣ ሰነድ ያመላልሳል። በክልል ከተሞች ደግሞ ሰው የሚያመላልሰውም ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች የቀኑን ግማሽ ሞተር ላይ ያሳልፋሉ። የሰለጠኑት ግን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያህል ነው። የቀረውን መንገድ ላይ ነው የሚማሩት፤ ከተማሩ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የዚህች «ከተማሩ» ጉዳይ ናቸው።

ካልወደቅኩ፣ ካልተጋጨሁ ምን ስህተት አለ?

አለ። እንዲያውም ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። የወደቀ ሰው የሆነውን ነገር በደንብ አያስታውስም። ደንግጧል፣ አሞታል፣ ሰው ተሰብስቦበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭቅጭቅና የጋራዥ ሂሳብ ነው። ለጥቂት የተረፈ ሰው ግን ሁሉንም ያስታውሳል። አእምሮው ንቁ ነው፣ አካሉም ደህና ነው።

ችግሩ ከተረፍን በኋላ የምናደርገው ነገር ነው። «ተመስገን!» እንላለን፣ ሚኒባሱን እንሳደባለን፣ ጋዝ ሰጥተን እንሄዳለን። ማመስገኑ ተገቢ ነው። ግን ነገሩ በምስጋናው ከተዘጋ፣ ያው ስህተት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መንገድ ላይ ይጠብቀናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ይሄ ነገር ድሮ ገብቷቸዋል። ናሳ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች አደጋ ሳይደርስ ያለፉ ስህተቶችን በምስጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት አለው። የተናገረው ሰው ማንነት ይሰረዛል። ታሪኩ ይቀራል፣ ሌላው ይማርበታል። ሞተረኛ እንዲህ ያለ ቢሮ የለውም። ስለዚህ መዝጋቢውም ገምጋሚውም ራሱ ነው።

የሆነውን እንዴት ነው የምገመግመው?

ከደነገጣችሁበት ቅጽበት ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ። ምርጫ እስከነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ድረስ።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት እየሄዳችሁ ነው እንበል። ከፊታችሁ ሚኒባስ ታክሲ አለ፣ በቀኙ በኩል ክፍተት ይታያል። ልታልፉት ገባችሁ። ሚኒባሱ ድንገት ወደ ቀኝ ታጠፈና ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ሊያጣብቃችሁ ሆነ። ፍሬን ይዛችሁ፣ እግራችሁን አውርዳችሁ፣ ለጥቂት ተረፋችሁ። ማታ ለጓደኛ ሲወራ «ሚኒባሱ ያለ ፍሬቻ ገባብኝ» ይባላል። እውነት ነው። ግን ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚገኝ ትምህርት የለም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ከመታጠፉ በፊት ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር። ከዚያም በፊት ዳር ላይ የቆመ ሰው እጁን አንስቶ ነበር። ሦስት ምልክት፣ ሁሉም ከፍሬቻ የበለጠ ግልጽ። እጁን ያነሳው ሰው ሲታይ ሞተሩ ገና ሚኒባሱ ጀርባ ነው፤ ሁሉም ምርጫ በእጃችሁ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ከተገባ በኋላ ግን ምርጫ የለም፣ ያለው ዕድል ብቻ ነው። እንግዲህ ስህተቱ ፍሬን ዘግይቶ መያዝ ሳይሆን ሰውየውን አይቶ ትርጉም አለመስጠት ነው። ወይም ጨርሶ አለማየት። ሁለቱ ደግሞ ይለያያሉ፤ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አለማየት የዓይን አጠቃቀም ችግር ነው። አይቶ መናቅ የችኮላ ችግር ነው።

ለዚህ ማስታወሻ ደብተር አያስፈልግም። በቅርብ ካገኛችሁት ደህና ቦታ ቁሙና ስልካችሁ ላይ ድምፃችሁን ቅዱ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ስለ እናንተ ይሁን። «ሚኒባሱ ገባብኝ» ሳይሆን «በቀኙ ገባሁ»። «ልጅቷ ድንገት ተሻገረች» ሳይሆን «ከቆመው አውቶብስ ጀርባ ሰው ይወጣል ብዬ አላሰብኩም»። መጀመሪያ ላይ ራስን መክሰስ ይመስላል። አይደለም። መለወጥ የምንችለውን ብቻ መልቀም ነው።

ጥፋቱ የሌላው ሰው ከሆነስ?

ጥፋተኛውን መለየት የትራፊክ ፖሊስና የመድን ድርጅት ሥራ ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማስቀረት እችል ነበር ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ሰው መማር ያቆማል። «እኔ ልክ ነበርኩ» ብሎ ይዘጋዋል።

የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሯል። ውጤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረገ ግጭት ነበር። ከእነዚህ ውስጥም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነፈገው የሌላው መኪና ሾፌር ነው። ይህን ሰምቶ «ያው፣ ጥፋቱ የመኪኖቹ ነው» ማለት ይቻላል።

ጥናቱ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። አደጋው ሲመጣባቸው ሞተረኞቹ ምን እንዳደረጉም ተመልክቷል። አብዛኞቹ ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚያች ጊዜ የኋላ ፍሬኑን ረግጠው ጎማውን አስረውታል፣ የፊተኛውን ግን በሚገባ አልተጠቀሙበትም። ቅድሚያ የተነፈገው ሰውም የሚማረው ነገር ነበረው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጋር ስለ ቅድሚያ የሚከራከር ሞተረኛ ክርክሩን ቢያሸንፍ እንኳ ፍርዱን የሚሰማው አጥንት ሐኪም ዘንድ ነው።

ሾፌሩ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው የገባብኝ። ሆን ብሎ ነው?

አልፎ አልፎ ሊሆን ይችላል። በብዛት ግን አይደለም። ዓይኑ እናንተ ላይ ነበረ ማለት አእምሮው መዝግቧችኋል ማለት አይደለም።

ሞተር ከፊት ሲታይ ጠባብ ነው። ትንሽ ነገር ደግሞ ሩቅ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስላል። ቀጥ ብሎ ወደ ሰው የሚመጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ መጠኑ ብዙም አይለወጥም፤ በጣም ከቀረበ በኋላ ነው ድንገት የሚገዝፈው። ሾፌሩ ግራ ቀኝ ሲያይ ዓይኑ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይዘላል፣ በመካከል ያለውን አያይም። በዚያ ላይ የፊት መስታወቱ ዳርና ዳር ያሉት የብረት ቋሚዎች አንድ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሊጋርዱ ይችላሉ። «ከየት መጣህ?» ብሎ ሲጮህባችሁ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ስለዚህ የሾፌሩን ዓይን ትታችሁ የፊት ጎማውን እዩ። መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚናገረው ጎማው ነው። ቀን ላይም የፊት መብራት አብሩ። ሊገባ የሚችል መኪና ስታዩ በረድፋችሁ ውስጥ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሱ፤ ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይን ይስባል። ክላክስ አጭርና ቀደም ያለ ይሁን። ዘግይቶ የሚነፋ ረጅም ክላክስ ስድብ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው አለ። ትልቅ አውቶብስ ተከትላችሁ ስትሄዱ አውቶብሱ ሸፍኗችኋል። ከፊት ለፊት መጥቶ ወደ ግራ ሊታጠፍ የቆመው መኪና አውቶብሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ እንዳለፈም ይገባል። እናንተ እዚያው ጀርባው ላይ ናችሁ። ወይ ራቅ በሉ፣ ወይ ከሩቅ በምትታዩበት ጎን ሁኑ።

ድንገት ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ ይንሸራተትብኛል። ምንድን ነው የማጠፋው?

በእግር ፍሬኑ፣ ማለትም በኋላው ብቻ እያቆማችሁ ነው። ብዙ ሰው «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ተብሎ ነው የተማረው። ይሄ ምክር ከብስክሌት ዘመን ጀምሮ ሲወራረስ የመጣ ይመስለኛል። ጉዳቱም ከጥቅሙ በልጧል።

ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማው መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ በቀላሉ ይታሰርና ይንሸራተታል። ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያ ኃይሉ ከግማሽ በላይ፣ በደንብ ሲያዝ ደግሞ ሰባ በመቶና ከዚያ በላይ የሚመጣው ከፊት ነው። የፊቱን የማይጠቀም ሰው አብዛኛውን ፍሬኑን ቤት ትቶ የወጣ ነው።

የሚገለብጠው የፊት ፍሬን ሳይሆን አያያዙ ነው። በድንገት ጭብጥ ካደረጋችሁት ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ ጎማው ይታሰራል። የፊት ጎማ ከታሰረ ደግሞ መውደቅ ነው። እንደ ሎሚ ጨመቅ አድርጉት፤ መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ እየጠነከረ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይታሰር የሚከላከል ሥርዓት) ያለው ሞተር እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ አለው፤ ብዙዎቹ እኛ ጋር ያሉ አነስተኛ ሞተሮች ግን የላቸውም።

ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በእያንዳንዱ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ። 60 ላይ 17 ሜትር ያህል ነው። ገና ደንግጣችሁ እጃችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ፣ ጥሩ ደረቅ አስፋልትና ጥሩ ጎማ ከሆነ፣ ከ40 ለመቆም 10 ሜትር ያህል፣ ከ60 ለመቆም ከ20 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ የማቆሚያው ርቀት ግን ከእጥፍ አልፏል። ለጥቂት የተረፋችሁበትን ቦታ ተመልሳችሁ በእርምጃ ለኩት። ከምታስቡት ያጠረ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የፍሬን ስህተት በማሰብ አይታረምም። ሲደነግጡ እጅ የሚያደርገው የለመደውን ነው። እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ወይም ሰው የሌለበት ሰፊ ቅጥር ግቢ ፈልጉ። ከ20 ጀምሩ፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 40። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ፍሪሲዮን። ዓይን ሩቅ፣ መሬት ላይ አይደለም። ጎማው ሲታሰር ድምፁንና ስሜቱን እዚያ ልመዱት፤ መንገድ ላይ የመጀመሪያችሁ እንዳይሆን።

የኋላው እየተንሸራተተ ካስቸገረ ደግሞ ማርሽ አቀያየራችሁንም እዩ። ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮኑን በአንዴ መልቀቅ የኋላ ጎማውን ልክ እንደ ፍሬን ያስረዋል። ሞተረኛው ፍሬኑን ይወቅሳል፣ ፍሬኑ ግን ንጹሕ ነው።

ኩርባ ላይ ሁሌ ሰፍቼ እወጣለሁ። ለምን?

ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍጥነት ሳይቀንሱ መግባት። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ወይም የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ስትጀምሩ ፍሬን ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዝ፤ ፍሬኑ እንዳይግል፣ ለቁርጡ ቀንም ይኑራችሁ።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ሞተር ዓይናችሁ ወዳለበት ይሄዳል። የፈራችሁትን ድንጋይ ካፈጠጣችሁበት ድንጋዩ ላይ ትወጣላችሁ። መውጫውን እዩ፣ ጭንቅላታችሁንም አዙሩ።

መሪውን በተመለከተ አንድ ግራ የሚያጋባ እውነት አለ። ከእግር ፍጥነት በላይ ስትሆኑ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ትገፋላችሁ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ ይታጠፋል። ሁሉም ሞተረኛ ሳያውቀው ያደርገዋል። አውቆ ያላደረገው ሰው ግን ሲደነግጥ መሪው ላይ ይደርቃል፣ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኸርትም ይህንኑ አይቷል፤ ብዙዎቹ ለማምለጥ መሪያቸውን በዚህ መንገድ አልተጠቀሙም። ይህንንም ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሩት።

ክረምት ላይ የሚደጋገመው ስህተት የትኛው ነው?

ዝናቡ ገና ሲጀምር እንደ ደረቅ መንገድ መንዳት። በጋውን ሙሉ የተከማቸው ዘይትና አቧራ ከመጀመሪያው ካፊያ ጋር ሲቀላቀል መንገዱን ያንሸራትታል። ከባድ ዝናብ ሲቆይ አጥቦት ይሻላል። የተቻለው ለሩብ ሰዓት ያህል ይጠለል፤ ድልድይ ሥር ሳይሆን ከመንገዱ ወጥቶ።

የቀረው የሚታወቅ ነው። ነጭ ቀለም፣ የብረት ክዳን፣ የተወለወለ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን አይያዝም፣ አይጋደምም። ውኃ የቋጠረ ቦታ ሥሩ ምን እንዳለ አይታወቅም። ክዳኑ የተወሰደ ማንሆል ባለበት ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ትእዛዝ አደርሳለሁ። ቸኩዬ ካልሄድኩ ገቢዬ ይቀንሳል። ምን ላድርግ?

ትክክለኛ ጭንቀት ነው፣ በምክር ብቻ አይፈታም። ግን ሂሳቡን እንሥራው። 5 ኪሎ ሜትር ያለ ማቋረጥ በ40 ከሄዳችሁ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በ50 ከሄዳችሁ 6 ደቂቃ። ያተረፋችሁት ደቂቃ ተኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያንን አንድ አደባባይ መልሶ ይወስደዋል። የእውነት ጊዜ የሚበላው ምግብ ቤቱ በር ላይ መጠበቅ፣ አድራሻ መፈለግ፣ «ታች ነኝ ይውረዱ» ብሎ መደዋወል ነው። መቆጠብ የሚቻለውም እዚያ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ደንበኛውን ደውላችሁ ቦታውን በደንብ ጠይቁ።

የአድራሽ ሞተረኛ ስህተት ወደ ኋላ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ላይ አይጀምርም። ምሳ ሳይበላ ሦስተኛውን ትእዛዝ ሲቀበል ነው የጀመረው። ወይም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ «አንድ ብቻ ልጨምር» ሲል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለጥቂት የተረፋችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት አካባቢ ከተሰበሰበ ነገሩ የመንዳት ችሎታ አይደለም፣ የድካም ነው። ለዚያ ያለው መድኃኒት እረፍት ብቻ ነው፤ ቡና ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም።

አሠሪዎችም እዚህ ውስጥ አሉበት። በደቂቃ የሚቀጣ አሠራር ስህተትን ይገዛል። ይሄ ግን የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም።

ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ይሄ ለጀማሪ አይደለም?

ልምድ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ትክክለኛውንም፣ እስካሁን ያልቀጣንን ስህተትም። በቀኝ መቅደም መቶ ጊዜ ተሳክቶ ከሆነ እጃችሁ «ይሄ ደህና ነው» ብሎ ይዞታል። የተሳካው ደህና ስለሆነ ሳይሆን በዚያ ቅጽበት ማንም ሰው ታክሲ ስላልጠራ ነው።

ከኸርት ጥናት አንድ ልጨምር። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያች ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ከ5 ወር ያነሰ ነው፤ በጠቅላላ መንዳት ላይ ግን ዓመታት ነበራቸው። የጓደኛ ሞተር ተውሶ ልክ እንደ ራስ ሞተር መንዳት ከዚህ ይመደባል። ፍሬኑ ሌላ፣ ክብደቱ ሌላ፣ ጋዙ ሌላ ነው።

ወድቄ ነበር። አሁን ስነዳ እፈራለሁ።

ከፍርሃቱ በፊት አካላችሁን ጨርሱ። ጭንቅላት ተመትቶ ከሆነ «ደህና ነኝ» አይታመንም። ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ግራ መጋባት ካለ ወዲያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አቤት ሆስፒታል በድንገተኛ አደጋ ሕክምና ይታወቃል።

የተመታውን ሄልሜት መልሳችሁ አታድርጉ። ውስጡ ያለው ፎም ምቱን የሚችለው ተጨፍልቆ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ መግዛትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም። ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልታሰረ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው ሄልሜቱ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ፣ ሄልሜት ሞተረኞች በአደጋ የመሞት ዕድላቸውን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ለትራፊክ ፖሊስ ብሎ ክንድ ላይ የሚያንጠለጥለው ሰው እነዚህን ቁጥሮች ቢያያቸው ጥሩ ነው።

ወደ ፍርሃቱ ስንመጣ፣ ፍርሃት በሁለት ይከፈላል። ምን እንደተፈጠረ ከገባችሁ ፍርሃቱ ቦታ ይኖረዋል፤ ያንን መገንጠያ፣ ያንን ዓይነት ዝናብ ትፈራላችሁ። ጥሩ ነው፣ ይጠብቃችኋል። ምን እንደተፈጠረ ካልገባችሁ ግን መንገዱን ሁሉ ትፈራላችሁ። ከዚያ ሰውነት ይደርቃል፣ ዓይን ጎማ ሥር ይቀራል፣ ሌላ ስህተት ይወልዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን ተረዱት። ቦታው ሄዳችሁ በእግር እዩት። ከዚያ በሰላማዊ ሰዓት፣ በምታውቁት አጭር መንገድ ጀምሩ። «ፈረስ የጣለው ወዲያው ይውጣ» የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ እየተንቀጠቀጠ የሚነዳ ሰው የሚማረው መንቀጥቀጥን ነው።

ሄልሜት ላይ ካሜራ ልግጠም?

ካላችሁ ጥሩ። ግን ካሜራ የሌላውን ጥፋት ለማሳየት ነው ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው። የት እንዳያችሁና ምን እንዳሰባችሁ አይቀዳም። በደንብ የሚነዳ ጓደኛ ከኋላ ተከትሏችሁ የሚነግራችሁ ይበልጣል።

ስህተቴን ለጓደኞቼ ባወራ ይስቁብኛል።

ይስቃሉ። ሞተረኛ ሰብሰብ ሲል የሚወራው ስለ ማምለጥ ነው፤ «እንዴት እንዳመለጥኩት!» እንጂ «እንዴት እንደገባሁበት» አይባልም። ከሁሉ በላይ በደንብ የሚነዳ የሚመስለው ሰው ቀድሞ የራሱን ቢያወራ ይለወጣል። አንድ ደንብ ብቻ ይበቃል፦ ታሪኩ እስኪያልቅ ማንም «ለምን እንዲህ አላደረግህም» አይበል።

ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ልቀይር ነው። የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ። ድምፅ የለውም። በነዳጅ ሞተር ስትነዱ ሰው በጆሮው ይሰማችሁና ይቆም ነበር፤ ሳታውቁት በዚያ ላይ ተደግፋችኋል። አሁን ያ የለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናም እየበዛ ነው፤ እነሱንም እናንተ አትሰሟቸውም። ስፖኪዮ ማየት ያልለመደ ሰው ዋጋ የሚከፍለው እዚህ ነው። ጉልበቱም ከመነሻው ሙሉ ነው። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጋዙን በለመዳችሁት መጠን ከጠመዘዛችሁት የኋላ ጎማው ይሸሻል።

ያንኑ ስህተት ደጋግሜ እሠራለሁ። ምን ይሻላል?

«ከነገ ጀምሮ እጠነቀቃለሁ» የሚል ውሳኔ ሰኞ ተጀምሮ እስከ ሐሙስ አይደርስም። ከራሳችሁ ጋር ከመታገል ሁኔታውን መለወጥ ይቀላል። ሁሌ አንድ አደባባይ ላይ ከሆነ የምትደነግጡት፣ ለተወሰነ ጊዜ በሌላ መንገድ ዙሩ። ሁሌ ስትዘገዩ ከሆነ፣ ሰዓታችሁን ቀድማችሁ ውጡ። ሰንሰለቱ ላልቶ ወይም የፍሬን ሸራው አልቆ ከሆነ ደግሞ ከነጂው በፊት ሞተሩን አስጠግኑ፤ የጎማ አየርም ጠዋት ጠዋት ይታይ።

የሚታረመውም አንድ በአንድ ነው። አሥር ነገር በአንዴ የሚያስታውስ ሰው መንገዱን አያይም። እየነዳችሁ ስልክ የማየት ልማድ ካለባችሁ በእሱ ጀምሩ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት። መሪው ላይ የተሰካውን ስልክ ነቅላችሁ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱት። አድራሻው ከጠፋባችሁ ዳር ይዛችሁ ትቆማላችሁ፣ ታዩታላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ።